ስምንት ነው አሥር?

ቁጥር ሲተልቅ ደስ ይለናል። ቴሌቪዥን ስንገዛ ኢንቹን፣ መኪና ስንገዛ ሲሲውን፣ ሠርግ ስንደግስ የጠራነውን ሰው ብዛት ነው የምናወራው። «ስንት ነው?» ሲባል ትንሽ ቁጥር መጥራት የሚያሸማቅቀን ጥቂቶች አይደለንም። ደግሞ ይህ አመል የሐበሻ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ በምኖርበት በኮሎራዶ፣ መስከረም ሲገባ ወደ አደን ዕቃ መደብር ጎራ ብትሉ፣ ጢሙን ያንዠረገገ ፈረንጅ ሁሉ በመስታወቱ ሣጥን ላይ ተደፍቶ በባይኖኩላር ቁጥር ሲከራከር ታገኙታላችሁ። ስምንት ይሻላል? አሥር? አሥራ ሁለት? አሥራ አምስት? ሻጩም ደግ ሰው ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን እሱም ፈገግታውን ከፍ ያደርጋል።

«አንተ ደግሞ በፈረንጅ አደን ምን ጥልቅ አደረገህ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው አግባብ ነው። እኛ እዚህ አገር የመጣነው ልንሠራ እንጂ አጋዘን ልናባርር አይደለም። በዴንቨርና በኦሮራ ያለው ወገኔ ቅዳሜና እሑድ ሲደርስ ወይ ተጨማሪ ሥራ ይገባል፣ ወይ ለቅሶ ይደርሳል፣ ወይ ክርስትና ይበላል። እኔ ግን አብሮኝ የሚሠራ አንድ አሜሪካዊ አለ፤ ከስልሳ አምስት ዓመት ያለፈ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው። ጉልበቱ እየከዳው ሲሄድ ተራራ አብሮት የሚወጣ ሰው ፈለገ። ልጆቹ ሌላ ስቴት ናቸው። እኔ ደግሞ ተራራ ናፍቆኝ ነበር። መጀመሪያ ስንቅ ተሸካሚ ሆንኩ፣ ቀጥሎ ተመልካች፣ በመጨረሻም የአዳኞች ትምህርት ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። በኮሎራዶ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተወለደ ሰው ሁሉ ያንን ወረቀት ሳይይዝ የአደን ፈቃድ መግዛት አይችልም።

ፈቃዱ ራሱ በዕጣ ነው። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ስቴት የአጋዘን አደን ፈቃድ በቁጥር ተወስኖ በዋናነት በዕጣ ነው የሚታደለው። በዲቪ ዕጣ የመጣ ሰው፣ አገር ቤት በታናሽ እህቱ በኩል የኮንዶሚኒየም ዕጣ የጠበቀ ሰው፣ እዚህ ደግሞ የአጋዘን ዕጣ ይጠብቃል። ከዕጣ ጋር የተማማልን ሕዝብ ነን መሰል።

አጋዘን ስል እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ። እኛ አገር አጋዘን የምንለው፣ ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በ10 ሳንቲሙ ላይ አንገቱን ቀና አድርጎ የቆመው የደጋ አጋዘን ሳይቀር፣ በሳይንሱ አከፋፈል ከፈረንጆቹ «ዲር» ጋር አንድ ቤተሰብ አይደለም። የእኛው ቀንድ እየተጠማዘዘ ያድጋል፣ አንዴ ከበቀለም አብሮት ይኖራል። የእነዚህኛዎቹ ወንዶች ግን ቀንዳቸውን በየዓመቱ ጥለው እንደገና ያበቅላሉ፤ ቀንዱም እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚሰነጣጠቅ ነው። በሮኪ ተራሮች የምናድነው «ሚዩል ዲር» ይባላል፣ የበቅሎ አጋዘን እንደማለት ነው። ስሙን ያገኘው በጆሮው ነው። እውነትም ጆሮው የበቅሎ ነው። ለአዳኝ ደግሞ ከቀንዱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ያ ጆሮ ነው፤ ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

በልጅነቴ ባይኖኩላር የማውቀው በጦር መኮንን አንገት ላይ ነበር። አጎቴ ሚዳቋና ድኩላ ሲያድን ምንሽሩን እንጂ መነጽር ይዞ አያውቅም። ተራራ ማዶ የሚሄደውን ሰው በአረማመዱ ለይቶ «የእገሌ ልጅ ነው፤ ከገበያ ዘግይቶ ነው» ይል ነበር። ዓይኑ መነጽር ስላልፈለገ ሳይሆን አይቀርም፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ባልደረባዬ ያንን ከባድ ነገር አንገቴ ላይ ሲያንጠለጥልልኝ በልቤ የሳቅሁት። በኋላ እንደገባኝ ግን አጎቴ ያይ የነበረው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። የሚንቀሳቀስን ነገር ማንም ያያል። ቀትር ላይ ጥድ ጥላ ሥር ተኝቶ የሚያመሰኳን አጋዘን ግን ድንጋይ ነው። ከድንጋይ የሚለየው ጆሮው ዝንብ ሲያባርር ብቻ ነው።

ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ባይኖኩላሩ ላይ 8×42 ወይም 10×42 ተብሎ ይጻፋል። የመጀመሪያው ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፤ ሁለተኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 800 ሜትር ርቀት ላይ ያለ አጋዘን በ10 ስታዩት በባዶ ዓይን 80 ሜትር ላይ የቆመ ያህል ነው። በ8 ስታዩት 100 ሜትር። ያ ሁሉ ክርክር እንግዲህ ለሃያ ሜትር ነው! በ15 ከሆነ 53 ሜትር ገደማ ይመጣል። «ታዲያ 15ቱን ገዝቶ መገላገል ነዋ!» ትላላችሁ። ሻጩም የሚላችሁ ይህንኑ ነው።

መነጽሩ የሚያጎላው ግን አጋዘኑን ብቻ አይደለም። የእጃችሁንም መንቀጥቀጥ በዚያው ልክ ያጎላዋል። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝና 2,300 ሜትር ብርቄ አይደለም፤ ዴንቨርም ብትሆን 1,600 ሜትር ላይ ናት። አደኑ ያለው ግን 3,000 ሜትርን አልፎ፣ ጥዱ አልቆ ሣርና ድንጋይ ብቻ ወደሚቀርበት ወደ 3,500 ሜትር ሲጠጋ ነው። እዚያ ዳገት ወጥቶ፣ ልቡ እንደ ከበሮ እየመታ መነጽር ዓይኑ ላይ የሚያስጠጋ ሰው በ8 አጋዘኑን ያየዋል፤ በ10 አጋዘኑ ትንሽ ሲደንስ ያየዋል፤ በ12 እስክስታ ይወርድለታል። 15ቱማ ያለ ሦስት እግር ማቆሚያ ጨርሶ አይሞከርም። ለዚህ ነው ብዙ የበሰሉ አዳኞች በእጅ ለሚያዝ መነጽር 10ን የመጨረሻው ወሰን የሚያደርጉት።

ሌላው ነገር የሚታየው ሜዳ ስፋት ነው። እንደ ሥሪቱ ቢለያይም፣ ጥሩ 8 በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 130 ሜትር ስፋት ያሳያል፤ 10 ደግሞ ወደ 110 ሜትር ይወርዳል። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር መስኮቷ እየጠበበች ትሄዳለች። ሴቶቻችን ጤፍ ሲለቅሙ ሰፌዱን እንዴት እንደሚያዩት አስታውሱ። ከዳር ይጀምራሉ፣ ትንሽ ትንሽ እየገፉ፣ ያዩትን ካላዩት እየለዩ ይሄዳሉ። ተራራ መልቀምም እንዲሁ ነው። አዳኝ ተቀምጦ፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ማዶውን ተራራ በሐሳቡ ረድፍ ረድፍ ከፍሎ ይለቅመዋል። ሙሉ አጋዘን አይፈልግም። ቀጥ ብለው በቆሙ ግንዶች መካከል አግድም የተጋደመ መስመር ከታየው ያ ጀርባ ሊሆን ይችላል። ነጭ ነጥብ ከሆነ መቀመጫ። ቅርንጫፍ ብቻውን ከተንቀሳቀሰ ቀንድ። አንድ ተራራ ለቅሞ ለመጨረስ ሰዓት ከዚያም በላይ ይፈጃል። ባልደረባዬ ሲለቅም አጠገቡ መናገር ክልክል ነው፤ እኔም ያለ ወሬ ሁለት ሰዓት መቀመጥን በሃምሳ ዓመቴ የተማርኩት እዚያ ነው። አገር ቤት ያሉ ጓደኞቼ ቢሰሙ አያምኑም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የብርሃን ጉዳይ ነው። አጋዘን ቀን ይተኛል፤ የሚወጣው ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው። የኮሎራዶ ሕግ መተኮስ የሚፈቅደው ፀሐይ ከመውጣቷ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች እስከ ግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ሁለቱ ግማሽ ሰዓቶች ወርቅ ናቸው። ባይኖኩላሩን ከዓይናችሁ አርቃችሁ ወደ ሰማይ ብታዞሩት፣ በማያው መስታወት ላይ ትንሽ የብርሃን ክብ ታያላችሁ። የፊተኛውን መስታወት ስፋት በእጥፉ ስታካፍሉ የዚያችን ክብ መጠን ታገኛላችሁ። 42 ለ8 ሲካፈል 5.25 ሚሊሜትር፤ 42 ለ10 ደግሞ 4.2። ለ12 ቢሆን 3.5 ብቻ። የዓይናችን ብሌን ደግሞ በጨለማ ይከፈታል፣ በብርሃን ይጠባል። ወጣት ከሆናችሁ እስከ 7 ሚሊሜትር ሊከፈት ይችላል፤ ዕድሜ ሲጨምር ግን እንደ አሮጌ ቤት መስኮት መከፈቱን እየተወ ይሄዳል። ሃምሳ ላይ 5 ገደማ ከተከፈተ ተመስገን ነው።

ይህን ሳሰላ አንድ የሚያስቅ ነገር ገጠመኝ። ለእኔ ዓይን 8ቱ የሚሰጠኝን ብርሃን 10ሩ አይሰጠኝም፤ ልዩነቱ በምሽት ይታወቃል። ለባልደረባዬ ግን ብሌኑ ከ4 ብዙም የማያልፍ ከሆነ፣ የ8ቱ ትርፍ ብርሃን ጉንጩ ላይ ነው የሚፈሰው። እሱ 10 ቢይዝ ምንም አያጣም። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ የሽማግሌውና የጎልማሳው መልስ አንድ አይደለም። መደብሩ ውስጥ ዕድሜያችሁን የሚጠይቅ ሻጭ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ባለችው በዚያች ግማሽ ሰዓት ሁለታችን ሸንተረር ላይ ተቀምጠናል። እሱ 10ሩን፣ እኔ 8ቱን ይዘናል። 600 ሜትር ገደማ ማዶ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ አንድ ግራጫ ነገር ተነቃነቀ። እሱም አየው፣ እኔም አየሁት።

«ምን ታያለህ?» አለኝ፣ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሳ።

«ግራጫ ነገር።»

«ሌላስ?»

«ቀንድ ይታየኛል። ሁለት ቅርንጫፍ... ሦስት።»

«ቀጥል።»

«ጆሮ አላየሁም።»

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። የጠመንጃው ሰዓት ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ያህል ቀርቶታል። ለሁለት ቀን አንድም ወንድ ሳናይ ተንከራተናል፤ ማግስቱ ወደ ሥራ መመለሻችን ነው። በሆዴ «በቃ፣ ቀንድ ካለ አጋዘን ነው፤ ምን ቀረው?» የሚል ነገር ሲያጉረመርም ይሰማኛል። ሽማግሌው ግን ጠመንጃውን ሊነካው አልፈለገም። «የምታየውን ንገረኝ እንጂ የምታስበውን አትንገረኝ» አለኝ ቀስ ብሎ። እንደገና አየሁ። ቀንዱ ነበረ። ጆሮ ግን አሁንም የለም። አንገትም የለም።

ከዚያ ግራጫው ነገር ቆመ። በሁለት እግሩ ነው የቆመው። አጋዘኑን ጥሎ ሥጋውን የተሸከመ አዳኝ ነበር፤ ጭንቅላቱን ከነቀንዱ የጀርባ ሻንጣው ላይ አስሮ፣ የጫማውን ክር ሊያስር ይሁን ሊያርፍ፣ ጎንበስ ብሎ ነበር። እዚህ አገር በጠመንጃ የሚያድን ሰው ከሩቅ የሚያበራ ብርቱካንማ ሰደርያ የመልበስ ግዴታ አለበት፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደማቅ ሮዝም ተፈቅዷል። ሰውየውም ለብሷል። ሻንጣው ግን ሸፍኖታል፤ ኮፍያውም በማጎንበሱ ከቅጠሉ በታች ሆኗል። ቀና ሲል ነው ብርቱካኑ ቦግ ያለው።

ቀንዱ እውነተኛ ቀንድ ነበር። ከሥሩ ያለው ጀርባ የሰው ነው።

እስከ መኪናው ድረስ በጨለማው ስንወርድ ምንም አልተነጋገርንም። እኔ የማስበው ስለ ጠመንጃው ነበር። በጠመንጃ ላይ የሚገጠም መነጽርም እኮ አቅርቦ ያሳያል። ብዙ ሰነፍ አዳኝ «ለምን ሁለት መነጽር እሸከማለሁ?» እያለ በእሱው ያያል። ያ ማለት ግን ለማየት ሲል አፈሙዙን ወደሚያየው ነገር ማዞር ማለት ነው። ያን ምሽት ያለ ባይኖኩላር ብንሆን ኖሮ፣ የዚያ የማናውቀው ሰው ጀርባ ለአሥር ደቂቃ በአፈሙዝ ፊት ይቀመጥ ነበር። የአዳኞች ትምህርት ላይ መጀመሪያ የሚነገረን ይኸው ነው፤ ስንማረው ግን እንደ ማንኛውም የክፍል ትምህርት ለፈተና ሸምድደነው ነበር። ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር የሚለውን የኛን ተረት ለባልደረባዬ በማግስቱ ተረጎምኩለት። ገንፎ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ከተረቱ የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ።

በዚያ ምሽት 15 እጥፍ ቢኖረን ይረዳን ነበር? በማቆሚያ ላይ ተተክሎ ከሆነ ምናልባት ቶሎ እንለየው ነበር። በእጅ ቢሆን ግን ያቺን ግራጫ ነገር እየተንቀጠቀጠች ነበር የምናያት። የሚንቀጠቀጥን ነገር ደግሞ ዓይን ሳይሆን ሐሳብ ነው የሚሞላው። ጆሮ ያልነበረበት ቦታ ላይ ጆሮ እንጨምርለት ነበር። ስለዚህ እኔ ከእጥፍ ይልቅ የሚረጋ ምስል እመርጣለሁ፤ ከሚረጋ ምስልም በላይ ለማየት ጊዜ የሚሰጥ ሰው። ሰውን ግን መደብር አይሸጠውም።

ባለ 15ቱን መናቄ ግን አይደለም። በአሪዞና በረሃማ ተራሮች «ኩዝ» የሚባል ትንሽ የነጭ ጭራ አጋዘን ዘር አለ። ቁመናው ከድንጋዩ ጋር አንድ ነው። የዚያ አገር አዳኞች 15ቱን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተክለው፣ ጎህ ሲቀድ ተቀምጠው ቀትር ድረስ ይለቅማሉ። ለእነሱ ቅንጦት አይደለም። ነገር ግን መነጽሩ ብቻውን ከአንድ ኪሎ ይበልጣል፤ ማቆሚያው ሲጨመር ደግሞ ለአንድ ቀን የሚበቃ ውኃ የመሸከም ያህል ነው። 8 ወይም 10×42 ግን ከ700 እስከ 800 ግራም ቢመዝን ነው፤ አንገት ላይ ይውላል።

የዋጋው ነገር ሌላ ራስ ምታት ነው። ከመቶ ዶላር ጀምሮ እስከ ሁለት ሺህ አምስት መቶና ከዚያም በላይ ይገኛል። ባለቤቴ የትልቁን ዋጋ ስትሰማ «አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ? የእናትህን ቤት ቆርቆሮ ቀይረህ ጨርሰሃል?» አለችኝ። ለዚህ መልስ የለም። ደግሞ እሷ አደኑን ራሱን አልወደደችውም። ሥጋውን ይዤ የመጣሁ ዕለት «በማን ስም ነው የታረደው?» ብላ ማቀዝቀዣዋ አጠገብ አላስደረሰችኝም። ወቅቱም አይመችም፤ ዋናው የጠመንጃ አደን ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ነው፣ ያ ማለት ከጽጌ ጾም ጋር ግጥም ይላል። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው ብዬ ልከራከር ሞከርኩ። «ፈቃዴ ነው» አለችኝ። ሥጋው ባልደረባዬ ቤት ገባ።

ብቻ ዋጋን በተመለከተ አንድ ነገር በድፍረት እላለሁ። ርካሽ 12 ከመግዛት በተመሳሳይ ዋጋ ደህና 8 መግዛት ይሻላል። በርካሹ 12 መሐሉ ይታያል፣ ዳር ዳሩ ይጨፈገጋል፤ ሁለቱ ቱቦዎች በትክክል ካልገጠሙ ደግሞ ሩብ ሰዓት ሳታዩ ግንባራችሁን ይወጋችኋል። ከ8 እስከ 24 እያለ ቁጥሩ የሚቀያየረውን ጭራሽ አትንኩት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት እሱ ነው።

አገር ቤት ሄዶ ባሌን ለማየት ለሚያስብ ሰውም 8 ከበቂ በላይ ነው። ዲንሾ አጠገብ ጋይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን በጠዋት ወጥቶ ሣር ሲግጥ ይታያል። ይህ እንስሳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም የለም፤ የመጥፋት ሥጋት ካለባቸውም አንዱ ነው። የባሌ ተራሮች ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ሆኗል፤ እዚያ አደን የለም፣ ማየት ብቻ ነው። በነገራችን ላይ መነጽሩን ለጎበኘኋቸው እረኞች ባውሳቸው፣ አንዱ ልጅ በተቃራኒው በኩል አይቶ «ኧረ ሁሉም ሸሸ!» ብሎ ሲጮህ፣ ሌሎቹ ተራቸውን ለማግኘት ሊደባደቡ ደርሰው ነበር።

ለመግዛት የምትሄዱ ከሆነ መደብሩ ውስጥ ባለው መብራት አትፍረዱ። በዚያ መብራት ሁሉም ጥሩ ነው። ወደ ማምሻው ሂዱ፣ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ሁለቱን ይዛችሁ ደጃፍ ውጡ፣ ማዶ ጥላ ውስጥ ያለ የመኪና ሰሌዳ ፈልጉ። ዳገት እንደወጣችሁ አስመስላችሁ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወጥታችሁ ውረዱና ከዚያ አንብቡት። በ10 ቁጥሩን አንድም ሳይቀር ካነበባችሁ 10 ግዙ። 6 ይሁን 8 ካልለየላችሁ 8ቱን ያዙ። መነጽር የምታደርጉ ከሆነ የማያው ጎማ ዝቅ ሲል ሙሉ ክቡ መታየቱን እዩ፤ ግማሽ ጨረቃ ከሆነባችሁ መልሱት።

ባልደረባዬ እንዳለፈው ጊዜ ዕጣ ከወጣለት ምን እንደምንይዝ አስቀድመን ተነጋግረናል። እሱ 10ሩን፣ እኔ 8ቱን። ሰሞኑን ደግሞ ከአንድ ጡረተኛ ወዳጁ ባለ 15ቱን ከነማቆሚያው በርካሽ ገዝቶ ጋራዡ ውስጥ አቁሞታል። ማን እንደሚሸከመው ሁለታችንም እስካሁን አላነሳንም።